ጭንቅላት አላልፍ ሲል፦ ስለ ቡልዶግ ተጠይቄ ስለ ምጥ ሰዓት የመለስኩት

 

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ለየት ያለ ጥያቄ ደረሰኝ። እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ቡልዶግ አለችው። አረገዘችና የእንስሳት ሐኪም ጋ ሲወስዳት በኦፕራሲዮን ነው የምትወልደው አሉት። እኛ ሰፈር ያለችው ውሻ ግን ማንም ሳያያት ጓሮ ገብታ ስድስት ቡችላ ትወልዳለች። ነገሩ እውነት ነው ወይስ ብር ለመቀበል ነው?»

እኔ የሰው ሐኪም ነኝ። «ባለሙያውን ጠይቅ» ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ነገር ግን ጥያቄው ውስጥ ያለው ጉዳይ፣ የልጅ ጭንቅላትና የእናት ዳሌ አልመጣጠን ማለት፣ እዚህ ዲላ ተረኛ ሆነን በምናድርበት ሌሊት ከምንፈራቸው ነገሮች አንዱ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከውሻዋ ጀምሬ ወደ ራሳችን እመጣለሁ። እናቶቻችንን ከእንስሳ ጋር ላወዳድር ፈልጌ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን፤ ልዩነቱ የቱ ጋ እንደሆነ ስታነቡ ታገኙታላችሁ። ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ግን እህት፣ ሚስት ወይም ገጠር ያለ ዘመድ ያላችሁ ሁሉ እስከ መጨረሻው ብታነቡት ይጠቅማችኋል።

ቡልዶግ ለምን በራሷ መውለድ ያቅታታል?

የሰፈራችንን ውሻ ልብ ብላችሁ እዩዋት። አፍንጫዋ ረዘም ያለ፣ ጭንቅላቷ ጠበብ ያለ፣ ወገቧ ቀጥ ያለ ነው። ቡችላዎቿም እንደዚያው ናቸው። ሾጠጥ ያለው አፍ ቀድሞ መንገድ ይከፍታል፤ የቀረው አካል ይከተላል። አለቀ።

ቡልዶግስ? ጭንቅላቷ ትልቅና ክብ፣ ፊቷ ጠፍጣፋ፣ ትከሻዋ ሰፊ ነው። ዳሌዋ ግን ጠባብ ነው። ቡችላው ገና ማህፀን ውስጥ እያለ ይህንኑ ቅርጽ ይይዛል። ስለዚህ ትልቅ ነገር በጠባብ በር ሊወጣ ነው።

ይህን ያመጣው ሰው ነው። እንግሊዝ ውስጥ ቡልዶግ ድሮ ከኮርማ ጋር እንዲታገል የሚረባ ውሻ ነበር። ያ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1835 በሕግ ከታገደ በኋላ ውሻው ለመልኩ ብቻ መርባት ጀመረ። ሰዎች ፊቱ ጠፍጠፍ፣ ጭንቅላቱ ተለቅ ያለውን እየመረጡ ከመሰሉ ጋር አዳቀሉት። ከትውልድ ትውልድ ጭንቅላቱ ሲያድግ ዳሌው አብሮ አልሰፋም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት እንዳሳየው ቡልዶግ፣ ፈረንሳይ ቡልዶግና ቦስተን ቴሪየር የሚባሉት ዝርያዎች ከሚወልዱት ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው በቀዶ ሕክምና ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ የጓደኛህ ሐኪም እውነቱን ነው የነገረው። ዝርዝሩን ለእንስሳት ሐኪም ትቼ ውሻ ላላችሁ ሦስት ነገር ብቻ ልበል፦

1. የውሻ እርግዝና ወደ 63 ቀን ነው። የተገናኙበትን ቀን ጻፉ፤ የመውለጃዋ ጊዜ ሳይደርስ የእንስሳት ሐኪም ይያት።
2. በኃይል እያማጠች ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ ቡችላ ካልወጣ፣ በሁለት ቡችላ መካከል ከ2 ሰዓት በላይ ከቆየች፣ ወይም የመጀመሪያው ቡችላ ሳይወጣ አረንጓዴ ፈሳሽ ካየች አትጠብቁ። ቤት ውስጥ መርፌ መውጋት፣ ቡችላውን መጎተት አይሆንም።
3. እንስሳ የሚያደነዝዝና የሚቀድ ሐኪም በአቅራቢያችሁ ከሌለ እንዲህ ያለችውን ውሻ አታስረግዙ። «ቡችላው በውድ ይሸጣል» ተብሎ እናትየዋ መሞት የለባትም።

ከብት የሚያረቡ ሰዎች ይህን ነገር ከእኔ በላይ ያውቁታል። ትንሿ የአገር ጊደር በፈረንጅ ኮርማ ዘር ስትዳቀል ጥጃው ይገዝፍና መውጫ ያጣል። ስለዚህ ጥሩ የእንስሳት ባለሙያ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልድን ጊደር ከትልቅ ኮርማ ዘር ጋር ከማዳቀል ይጠነቀቃል።

የሰው ልጅስ?

የሰውን ጭንቅላት እየመረጠ ያተለቀ የለም። ግን እኛም ጠባብ መንገድ ነው ያለን። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የሰው ልጅ አንጎሉ ትልቅ ስለሆነ ሲወለድ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ አንጻር ትልቅ ነው። ሁለተኛ፣ በሁለት እግራችን ቆመን ስለምንሄድ የዳሌያችን አጥንት ቅርጹ ከሌሎች እንስሳት የተለየ ነው፤ መንገዱም ቀጥ ያለ ሳይሆን የታጠፈ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። የሴት ልጅ ዳሌ መግቢያው ላይ በአማካይ ከፊት ወደ ኋላ ወደ 11 ሴንቲ ሜትር፣ ከጎን ወደ ጎን ወደ 13 ሴንቲ ሜትር ነው። ጊዜውን ጠብቆ የሚወለድ ሕፃን አገጩን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ ከመጣ የሚያልፈው የጭንቅላቱ ክፍል ወደ 9.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ያልፋል። ይኸው ልጅ አንገቱን ቀና አድርጎ ከመጣ ግን ወደ 11.5 ይሆናል። ግንባሩን አስቀድሞ ከመጣ ደግሞ ከ13 ይበልጣል። አያልፍም።

ልብ በሉ፦ እናትየዋ ያቺው ናት፤ ልጁም ያው ነው። የተለወጠው የአንገቱ አቀማመጥ ብቻ ነው። አንገቱ ጠባብ የሆነ ሹራብ ስትለብሱ ምን ታደርጋላችሁ? አናታችሁን አስቀድማችሁ ታስገባላችሁ። ፊታችሁን አስቀድማችሁ ሞክሩትማ!

ፈጣሪ ሌላም ዘዴ ሰጥቶናል። የሕፃን የራስ ቅል አጥንቶች ገና አልተጋጠሙም። አናቱ ላይ ያለውን ለስላሳ እርግብግቢት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በምጥ ሰዓት አጥንቶቹ ትንሽ ይደራረቡና ጭንቅላቱ ሾጠጥ ይላል። ገና የተወለደ ልጅ ጭንቅላቱ ረዘም ብሎ ስታዩ አትደንግጡ፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ይስተካከላል። ልጁ ደግሞ ወደ ታች ሲወርድ ይዞራል። ትልቅ ሶፋ በጠባብ በር ስናስገባ አዙረን፣ አጋድመን እንደምናስገባው ማለት ነው።

የሕክምና ትምህርት ቤት ስንማር ይህን በሦስት ነገር ነበር የምንይዘው፦ ጉልበት፣ መንገድና መንገደኛ። ጉልበቱ የማህፀን ምጥ ነው። መንገዱ የእናት ዳሌ ነው። መንገደኛው ሕፃኑ ነው፤ መጠኑና አቀማመጡ። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ምጡ ይቆማል። ቡልዶጓ ላይ ችግሩ መንገዱና መንገደኛው ገና ሲፈጠሩ አለመመጣጠናቸው ስለሆነ ቀድሞ ይታወቃል፤ ቀጠሮ ይዞ መቅደድ ይቻላል። ሰው ላይ ግን ሦስቱ ነገሮች የሚገናኙት ምጡ ሲጀምር ነው።

«ዳሌዋ ሰፊ ነው፣ ትወልዳለች» ማለት ይቻላል?

አይቻልም። ይህን ደግሜ ልበለው፦ ሴትን በዓይን አይቶ «ይቺ በቀላሉ ትወልዳለች፣ ይቺ አትወልድም» ማለት አይቻልም። ከውጭ የሚታየው ዳሌ ሥጋና ስብም ነው። ልጁ የሚያልፍበት አጥንት ከውስጥ ነው። የጫማ ቁጥር መለካትም አይሠራም። ቁመቷ በጣም አጭር የሆነች ሴት ላይ ስጋቱ ከፍ እንደሚል እውነት ነው፤ ሆኖም ብዙ አጫጭር እናቶች በሰላም ይወልዳሉ፤ ረጃጅሞችም ይቸገራሉ።

አልትራሳውንድስ? ጠቃሚ ነው። ልጁ በጭንቅላቱ ነው የመጣው ወይስ በመቀመጫው፣ መንታ ነው ወይ፣ የእንግዴ ልጁ የት ነው ያለው፣ ይህን ሁሉ ይነግረናል። የልጁን ክብደት ግን የሚናገረው በግምት ነው። 3 ኪሎ ተኩል ያለው 4 ኪሎ ሊሆን ይችላል፣ 3 ኪሎም ሊሆን ይችላል።

«የመጀመሪያዋን በቀላሉ ወልዳለች፤ አሁንም ትወልዳለች» የሚለውም ዋስትና አይሆንም። ሁለተኛው ልጅ ሊገዝፍ ወይም አንገቱን ቀና አድርጎ ሊመጣ ይችላል። ደጋግማ የወለደች እናት ምጧ ሲታገድ ማህፀኗ የመቀደድ አደጋው እንዲያውም ይበልጣል።

ቀድመን ልናውቃቸው የምንችላቸው ስጋቶች ግን አሉ፦

1. ዕድሜ። ልጅነቷን ያልጨረሰች ልጅ ዳሌዋ አድጎ አላለቀም። ሕጉ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው ሲል አጥንትም ምስክር ነው።
2. በልጅነት የምግብ እጥረት። ዛሬ የተጎዳች ሕፃን ከ20 ዓመት በኋላ ምጥ ላይ ትቸገራለች።
3. የስኳር በሽታ። በእርግዝና ጊዜ ስኳር ከፍ ካለ ልጁ ከመጠን በላይ ሊገዝፍ ይችላል።
4. ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን የወለደች፣ ወይም ምጧ ታግዶ ልጅ የሞተባት።
5. የልጁ ጭንቅላት ውስጥ ፈሳሽ መጠራቀም። ጭንቅላቱ በእውነት ከልክ በላይ የሚተልቀው እዚህ ላይ ነው። በአልትራሳውንድ ይታያል። አንዳንድ ጊዜ ከጀርባ አጥንት ክፍተት ጋር አብሮ ስለሚመጣ ለማርገዝ ያሰበች ሴት ከማርገዟ በፊት ጀምሮ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ብትወስድ ስጋቱን በእጅጉ ትቀንሳለች።

ከእነዚህ አንዱ ያለባት እናት የት እንደምትወልድ በክትትሏ ጊዜ ከባለሙያ ጋር ትወስን። አንዱም የሌለባት እናት ግን ነጻ ናት ማለት አይደለም። ምጡ የታገደባቸው ብዙ እናቶች ቀድሞ ምንም ምልክት አልነበራቸውም።

«እንግዲያው ሁሉም በኦፕራሲዮን ይውለዱ?»

ይህንንም ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ፤ በተለይ ከተማ ያላችሁ። መልሱ አይደለም ነው። ቀዶ ሕክምና ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን፣ ለቀጣዩ እርግዝና የሚተርፍ ጠባሳ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መግለጫ በአንድ ሕዝብ ውስጥ በኦፕራሲዮን የሚወልዱት ከ10 በመቶ ካለፉ በኋላ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ሞት ከዚህ የተነሳ ሲቀንስ አይታይም ብሏል። እኛ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኦፕራሲዮን የተወለዱት ወደ 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ቁጥር ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ብዙ እናቶች እንዳላገኙት ይናገራል።

ስለዚህ የሚያስፈልገን ነገር ይኸው ነው፦ እናትየዋ በራሷ ለመውለድ ትሞክር፤ ግን ካልሆነ በሰዓቱ የሚደርስላት ሰው ባለበት ቦታ ትሞክር።

ምጥ ሰዓት አለው

እ.ኤ.አ. በ1972 ፊልፖትና ካስል የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በያኔዋ ሮዴዥያ፣ በዛሬዋ ዚምባብዌ፣ አንድ ቀላል ነገር አሳተሙ። የእነሱም ችግር የእኛው ነበር፦ ሐኪም በከተማ፣ ምጥ በገጠር። አዋላጇ «ይህችን እናት አሁን ልላክ ወይስ ልጠብቅ?» ለሚለው መልስ እንድታገኝ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር አሰመሩ። የማህፀን በር በየሰዓቱ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደተከፈተ ነጥብ ይደረጋል። ነጥቡ የመጀመሪያውን መስመር ካለፈ ማስጠንቀቂያ ነው፦ ሩቅ ከሆናችሁ አሁኑኑ ላኩ። ከዚያ 4 ሰዓት ወዲያ ያለው ሁለተኛው መስመር ላይ ከደረሰ ደግሞ እርምጃ መውሰድ ግድ ነው። ፓርቶግራፍ የምንለው ይህ ነው። ዛሬም በየጤና ጣቢያችን አዋላጅ ነርሶች የሚሞሉት ወረቀት ከዚያ የመጣ ነው።

በዛሬው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የማህፀን በር 5 ሴንቲ ሜትር ከተከፈተ በኋላ ሙሉ ለሙሉ እስኪከፈት ድረስ ለመጀመሪያ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ሰዓት፣ ደግማ ለምትወልድ ከ10 ሰዓት አይበልጥም። ከዚያ በኋላ ያለው የመግፋት ጊዜ ለመጀመሪያ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በ3 ሰዓት፣ ለሌሎች በ2 ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ይህን የጻፍኩት ቤት ውስጥ 12 ሰዓት ቆጥራችሁ እንድትጠብቁ አይደለም! ይህ ባለሙያ አጠገቧ ሆኖ፣ የልጁን የልብ ምት እየሰማ የሚቆጠር ሰዓት ነው። ቤት ውስጥ ያለች እናት ምጧ መደጋገም ሲጀምር መነሳት አለባት።

ሰዓቱ ካለፈ ምን ይሆናል? ማህፀን መግፋቱን አያቆምም። የልጁ ጭንቅላት የእናቱን ሥጋ ከአጥንት ጋር አጣብቆ ይይዛል። ልጁ አየር ያጥረዋል። እናትየዋ ትደክማለች፤ ኢንፌክሽን ይገባል፤ ማህፀን ሊቀደድ ይችላል። የተጣበቀው ሥጋ ደግሞ ደም ስለማይደርሰው ይሞታል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ያ የሞተ ሥጋ ይወድቅና በሽንት ፊኛና በብልት መካከል ቀዳዳ ይቀራል፤ ሽንት ያለማቋረጥ ይፈሳል። ፌስቱላ የምንለው ይህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ልጁም አይተርፍም። ልጇን ያጣች እናት ደግሞ በሽታው ራሷን ከሰው ያርቃታል።

ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤቷ ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አገራችን መጥተው በ1974 አዲስ አበባ ላይ የፌስቱላ ሆስፒታል የከፈቱት እነዚህን እናቶች አይተው ነው። ከሆስፒታሉ ቅርንጫፎች አንዱ የሚገኘው ከዲላ ወደ ሐዋሳ ስትሄዱ ይርጋለም ላይ ነው። ሕክምናው በነጻ ነው። ከወሊድ በኋላ ሽንቷን መቆጣጠር ያቃታት እናት የምታውቁ ከሆነ «የእግዜር ቁጣ ነው» አትበሉ፤ ወደ ሕክምና ላኳት። ወልዳ ብዙ ቀን ያልሞላት ከሆነ ደግሞ ቶሎ ትምጣ፤ ትንሽ ቀዳዳ ቀጭን የሽንት ቱቦ በጊዜ ገብቶለት ያለ ቀዶ ሕክምና የሚድንበት ጊዜ አለ።

ጌዴኦ ላይ ሰዓቱ የት ይጠፋል?

አገራችን ጤና ተቋም መውለድ ላይ ብዙ ተሻሽላለች። እ.ኤ.አ. በ2000 ጤና ተቋም የተወለዱት 5 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 ደግሞ 26 በመቶ፤ በ2019 ወደ 48 በመቶ ደርሰዋል። ቢሆንም ሰዓት የሚጠፋባቸው ሦስት ቦታዎች አሁንም አሉ።

የመጀመሪያው ቤት ውስጥ ነው። «ባሏ ይምጣ»፣ «አማቷ ትፍቀድ»፣ «ትንሽ እንጠብቅ፣ ይሄኔ ትገላገላለች»። በቡና ለቀማ ሰሞን ደግሞ ሁሉም ሥራ ላይ ነው፤ እሷም ጭምር። ሁለተኛው መንገድ ላይ ነው። ጌዴኦን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ቡናው በእንሰቱና በዛፉ ጥላ ሥር፣ ቤቱም ዳገቱ ላይ ነው። ከቡሌ ደጋ ወይም ከገደብና ከኮቸሬ ቀበሌዎች ዝናብ ሲጥል አምቡላንሱ እስከ ደጃፍ አይደርስም፤ እናትየዋ በቃሬዛ ወደ መኪና መንገድ ትወርዳለች። ሦስተኛው ጤና ተቋም ውስጥ ነው፦ ባለሙያው ሌላ ቀዶ ሕክምና ላይ ሊሆን፣ ደም ሊጠፋ፣ የሪፈር ወረቀት ሊዘገይ ይችላል። ይህንን ሦስተኛውን ማስተካከል የእኛ የጤና ባለሙያዎችና የመንግሥት ሥራ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ግን እናንተ ብዙ ትችላላችሁ።

የመንገዱ መፍትሔ ቀድሞ መምጣት ነው። ጉራጌ ውስጥ ባለው አጣጥ ሆስፒታል ስጋት ያለባቸው እናቶች የመውለጃቸው ጊዜ ሲቃረብ መጥተው ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ይቆዩ ነበር። ለ22 ዓመት የተሰበሰበ መረጃ ሲታይ በማቆያው በኩል ከወለዱት መካከል የሞቱት ከ100,000 ሕያው ወሊድ ወደ 90 ሲሆኑ፣ በማቆያው ያላለፉት ውስጥ ከ1,300 በላይ ነበሩ። ሁለቱ ወገኖች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ሁለተኛዎቹ ውስጥ ብዙዎቹ ምጥ ጠንቶባቸው የመጡ ናቸው። ነገሩም እሱ ነው፦ ጠንቶባት ከመምጣት ቀድሞ መጥቶ መጠበቅ ይሻላል። ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ አለ። በአካባቢያችሁ እንዳለ ጠይቁ።

ስልኩ የሚደወለው ለእናንተ ነው

ይህን የምታነቡት አብዛኞቻችሁ ከተማ ናችሁ፤ ዲላ፣ ሐዋሳ፣ አዲስ አበባ። ገጠር ያለችው እህታችሁ ወይም የአጎታችሁ ልጅ ምጥ ሲይዛት «ምን እናድርግ?» ተብሎ የሚደወለው ለእናንተ ነው፤ ምክንያቱም ተማሪው፣ ደመወዝተኛው፣ «ሰው የሚያውቀው» እናንተ ናችሁ። «አይዟችሁ፣ ማርያም ታውጣት» ወይም «እንጸልያለን» ካላችሁ በኋላ ስልኩን አትዝጉ። እነዚህን ጠይቁ፤ መልሱንም ስልካችሁ ላይ ጻፉ፦

1. ምጡ ስንት ሰዓት ላይ ጀመራት? «ማታ» መልስ አይደለም። ከራት በፊት ነው በኋላ? ዶሮ ሳይጮህ ነው ወይስ ከጮኸ በኋላ? ሰዓቱን አስይዙ።
2. የሽርት ውሃው ፈሷል? መቼ? ቀለሙስ? አረንጓዴ ወይም የሚሸት ከሆነ አሁኑኑ።
3. ልጁ ሲንቀሳቀስ ይሰማታል? ደም አለ?
4. ስንተኛዋ ነው? ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን ወልዳለች?
5. ባለሙያ አይቷታል? ስንት ሰዓት ላይ? ስንት ሴንቲ ሜትር አሏት?
6. አሁን ያለችበት ቦታ ኦፕራሲዮን ይሠራል? ካልሠራ በምን፣ ከማን ጋር ትሄዳለች?

ቤት ውስጥ ካለች መልሱ ምንም ይሁን ምን ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። ደም፣ ከፍተኛ ራስ ምታት፣ ዓይን ብዥ ማለት፣ ማንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ ወይም እጅ፣ እግር፣ እትብት ቀድሞ መውጣት ካለ አምቡላንስ ተጠርቶ በቀጥታ ሆስፒታል። ጤና ጣቢያው «ሪፈር» ካለ አትከራከሩ፤ «እዚሁ ትሞክር» አትበሉ። ያ ወረቀት የአዋላጇ ስንፍና ሳይሆን የፓርቶግራፉ መስመር ነው። ደም ሊሰጡ የሚችሉ ሁለት ዘመዶች አብረው ይሂዱ። በመንግሥት ጤና ተቋም የወሊድ አገልግሎት በነጻ ይሰጣል፤ ለመጓጓዣና ለአስታማሚ ግን ብር ያስፈልጋል። ወዲያው ላኩ፤ ለዚህ ጊዜ ነው ሞባይል ባንኪንግ!

እባካችሁ እነዚህን አታድርጉ፦

* ሆዷን አትጫኑ፣ አትርገጡ፣ በጨርቅ አታስሩ። የታገደ ምጥ ላይ መጫን ማህፀን ይቀድዳል።
* ከፋርማሲ «የምጥ መርፌ» ገዝታችሁ ቤት ውስጥ አታስወጉ። መንገዱ ጠባብ ሆኖ ጉልበት መጨመር በተዘጋ በር ላይ መኪና እንደመንዳት ነው።
* የማህፀን በር ሙሉ ለሙሉ ሳይከፈት «ግፊ፣ ግፊ» አትበሏት። በከንቱ ትደክማለች።
* ምጥ ያፋጥናል ተብሎ የሚጠጣ ሥር፣ ቅጠል፣ ተልባ አብዝታችሁ አትስጧት። ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ ማደንዘዣ ላይ ችግር ያመጣል።
* «ኦፕራሲዮን የሆነች ሴት ሙሉ ሴት አይደለችም» የሚል ወሬ አትንገሯት። ወሊዱ ከየት በኩል ሆነ ብላ የምታፍር እናት መኖር የለባትም።

ምን ላድርግላት ለምትሉ፦ ሽንቷን ቶሎ ቶሎ ትሽና፤ የሞላ ፊኛ የልጁን መንገድ ይዘጋል። በጀርባዋ ብቻ አትተኛ፤ በግራ ጎኗ ትሁን ወይም ከቻለች ትራመድ። ውሃ በትንሽ በትንሹ ትጠጣ። የምትወደው ሰው አጠገቧ ይሁን።

ሲጠቃለል

ቡልዶግ ቅርጿ ቀድሞ ስለሚታወቅ ቀን ተቆርጦላት ትቀደዳለች። የሰውን ምጥ ማንም ከውጭ አይቶ አይተነብየውም፤ አማትም፣ ጎረቤትም፣ እኔም። የሚለካው በሰዓት ነው፤ ሰዓቱን የሚይዘው ደግሞ ከጎኗ ያለው ሰው ነው። ቤታችሁ ወይም ዘመዶቻችሁ ጋ ነፍሰ ጡር ካለች ዛሬውኑ ሦስት ነገር አድርጉ፦ የመውለጃ ወሯን ጻፉ፤ የወረዳውን አምቡላንስ ስልክ ከጤና ጣቢያው ጠይቃችሁ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፤ ኦፕራሲዮን የሚሠራበት ቅርብ ሆስፒታል የቱ እንደሆነ እወቁ።

ጽሑፉ ይጠቅማል ካላችሁ በተለይ ለባሎችና ለወንድሞች አጋሩት፤ «እንሂድ» ብሎ የሚወስነው ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸውና። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ በቻልኩት መጠን እመልሳለሁ። ምጥ ላይ ያለች ሰው ካለች ግን የእኔን መልስ አትጠብቁ፤ ይዛችኋት ሂዱ።

ለነፍሰ ጡሮቻችን ሁሉ በሰላም ያገላግላችሁ።